የመጨረሻው መርፌ የሕክምናው መጨረሻ አይደለም

በካላዛር ሕክምና መዝገብ ላይ የአንድ ታካሚ ጉዳይ የሚዘጋው ከሐኪም ቤት በሚወጣበት ቀን ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው፣ ያበጠው ጣፊያ ከሟሸሸ፣ ደሙ ከተመለሰና ክብደቱ ከጨመረ «ድኗል» ተብሎ ይጻፍና ካርዱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የማንም ጉዳይ አይደለም፤ ቢያገረሽበት እንደ አዲስ ታማሚ ይመጣል፣ ካልመጣም እንደዳነ ይቆጠራል። ከዚህ አሠራር ሥር ያለው እምነት ቀላል ነው፦ መድኃኒቱ ተሕዋሱን ይገድላል፣ ተሕዋሱ ከሞተ ሰውየው ድኗል። በሐኪሞች፣ በጤና ቢሮዎችና በለጋሾች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የነገሠው አመለካከት ይህ ነው። እኔ ግን በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው፣ ይህ እምነት ሐሰት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሐሰት ብቻም አይደለም፤ ሰው ይገድላል። ለእነሱ ካላዛር መጥቶ የሚያልፍ ሕመም ሳይሆን አብሮ የሚኖር ደዌ ነው፤ ሕክምናው የሚታቀደውም፣ በጀቱ የሚያዘውም፣ ውጤቱ የሚለካውም በዚሁ ልክ መሆን አለበት።

ነገሩን ከካርቱም የምጀምረው በምክንያት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሱዳን ካላዛር መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው በ1904 ነው። ከዚያ ወዲህ የገዳሪፍ ሜዳ፣ ድንበሩን ተሻግሮም የመተማ፣ የአብደራፊና የሁመራ ጥቁር የዋልካ መሬት የአንድ በሽታ አገር ሆኖ ይታወቃል። ተሕዋሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራርና በበደኖ ዛፎች አካባቢ ትራባለች፤ ሰሊጥና ማሽላ ሊያጭዱ ከደጋ ወርደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶች ደግሞ ቀለቧ ናቸው። ለዝንቧ ድንበር የለም፤ ለቀን ሠራተኛውም ቢሆን ብዙም የለም። ከጎንደር ወይም ከጎጃም ወጥቶ መተማ የገባ ወጣት የሰሊጡ ሥራ ሲያልቅ በገላባት በኩል ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም ካርቱም ይዘልቃል፤ የደይምና የጀሪፍ ሰፈሮች ሐበሻ የበዛባቸው በዚህና በመሰል መንገዶች ነው። ተሕዋሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አድፍጦ ሊነሣ ስለሚችል በገዳሪፍ እርሻ የተነከሰ ሰው ካርቱም ውስጥ ሊታመም ይችላል። «የገጠር በሽታ ነው» በሚል ምክንያት ዋና ከተማን ከዚህ ጉዳይ ነጻ ማውጣት አይቻልም።

ካርቱም ይህን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1988 ከጦርነት ሸሽተው በከተማዋ የተጠለሉ የደቡብ ተፈናቃዮች በማይታወቅ ሕመም ሲሞቱ ምርመራው ካላዛር መሆኑን አሳየ። መነሻው በደቡቡ የላይኛው ናይል ምዕራባዊ ክፍል ነበር፤ እዚያ በሽታው ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ሳያየው ሕዝቡን ይፈጅ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሚባለው ድርጅት ውስጥ ያገለገሉ ባለሙያዎች በኋላ ባወጡት ግምት እስከ 1994 ባሉት አሥር ዓመታት 280,000 ያህል ሕዝብ ከነበረበት አካባቢ 100,000 ያህሉ አልቋል። ከዚህ እልቂት የምወስደው ትምህርት ብዙ ጊዜ ከሚወሰደው ይለያል። አብዛኛው ሰው «መድኃኒት ስላልደረሰ» ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በገዳሪፍ መንደሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ያው ተሕዋስ ወደ ሰውነታቸው ገብቶ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የላይኛው ናይል ሰው ግን በሽታውን ቀድሞ የማያውቅ፣ የተራበና የተንገላታ ነበር። በካላዛር ማን ይሞታል፣ ማንስ ሳይታወቀው ይኖራል የሚለውን የሚወስነው ከተሕዋሱ ይልቅ የተሸካሚው አካል ነው። ይህ ከተያዘ የቀረው ክርክር ከዚሁ ይመዘዛል።

ተቃራኒው ወገን ጠንካራ መከራከሪያ አለው፤ አሳንሼ ላቅርበው አልፈልግም። ካላዛር ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ለአሥርት ዓመታት በእጅ የነበረው መሣሪያ በየቀኑ ለ30 ቀን የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ፣ ማለትም ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር። በ2003 ካርቱም ላይ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌይሽማንያሲስ (ካላዛር የሚካተትበት የበሽታ ወገን) ተመራማሪዎች ጥምረት በሱዳን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ባካሄደው ሙከራ ያንኑ መርፌ ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ሕክምናውን ወደ 17 ቀን አወረደው፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ከመቶ ታካሚ ከ90 በላዩ ጤነኛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ጥምሩን በ2010 የምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ ሕክምና አድርጎ መከረ። በአፍሪካውያን ተመራማሪዎች በአፍሪካ ምድር የተገኘ እንዲህ ያለ ውጤት ጥቂት ነው። የ17 ቀኑን ሕክምና ጨርሶ ወደ እርሻው የተመለሰውን ወጣት «ድኗል» ብሎ መጻፍ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህ ስኬት ለማን እንደተገኘ ሲረሳ ነው። ያ ከ90 በላይ የሆነ ቁጥር የተገኘው በሽታ የመከላከል አቅማቸው ካልተሰበረ ሰዎች ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ለሁሉም ታካሚ መለኪያ የሆነው በማስረጃ ሳይሆን በልማድ ነው።

የሚገርመው ልማዱን የሚያፈርሰው ማስረጃ ከዚያችው ከካርቱም መውጣቱ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የኤንዴሚክ በሽታዎች ተቋም ፕሮፌሰር አሕመድ መሐመድ ኤል ሐሰንና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያጠኑት ከካላዛር በኋላ የሚመጣውን የቆዳ ሕመም ነው። በሱዳን ካላዛር ታክመው ከዳኑት መካከል ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ፊታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣባቸዋል፤ በሽፍታው ውስጥም ተሕዋሱ አለ። ትኩሳት የለም፣ ጣፊያ አላበጠም፣ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፤ ተሕዋሱ ግን ከሰውነቱ አልወጣም። ከዚህም በላይ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በተደረገ ጥናት በሽታው ጠፍቶላቸዋል ከተባሉ ሰዎች ዕጢ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተሕዋሱ ሲገኝ ታይቷል። እንግዲህ ጤነኛ የመከላከል አቅም ባለው ሰው እንኳ መድኃኒቱ ተሕዋሱን ጠራርጎ አያወጣም። ብዛቱን ይቀንሳል፤ የቀረውን ጠብቆና አፍኖ የሚያኖረው የሰውየው የራሱ ነጭ የደም ሴል ነው። የሰውነት መከላከያ ተሕዋሱን ማወቁን የሚያሳየው የሌይሽማኒን የቆዳ ምርመራ የሚነግረንም ይህንኑ ነው፤ በሕመሙ ጊዜ ምላሽ የማይሰጠው ቆዳ ከፈውስ በኋላ ባሉት ወራት በብዙዎቹ ላይ ምላሽ መስጠት ይጀምራል። አብዛኛው ሽፍታ ያለ ምንም መድኃኒት በአንድ ዓመት ገደማ የሚጠፋውም በዚሁ ኃይል ነው። ስለዚህ ካላዛርን ያዳነው መርፌው ነው ስንል ግማሹን ሠራተኛ ከደመወዝ መዝገብ እየሰረዝነው ነው።

ያ ሁለተኛው ሠራተኛ ባይኖርስ? ጥያቄው በቤተ ሙከራ ተጠይቆ ተመልሷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ መሪና ባልደረቦቹ ቲ ሴል የተባለው የመከላከያ ሴል በሌላቸው አይጦች ላይ የካላዛርን ተሕዋስ ሞከሩ። ጤነኛ አይጦችን የፈወሰው አንቲሞኒ በእነዚህ ላይ አልሠራም፤ በኋላ በተደረገ ሙከራ ግን አምፎቴሪሲን በእነዚሁ ዓይነት አይጦች ውስጥ ተሕዋሱን ገደለ። ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ አንቲሞኒ ብቻውን የሚገድል መርዝ ሳይሆን ከሰውነት መከላከያ ጋር ተባብሮ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠፋው ደግሞ በትክክል ያንን ተባባሪ፣ ሲዲ ፎር የተባለውን ቲ ሴል ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ ካላዛር ራሱ የኤች አይ ቪን መራባት ያፋጥናል፣ ሲዲ ፎርንም ያወርዳል፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። ጤነኛውን በ17 ቀን የሚያድን መርፌ ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው የማያድን ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው፤ ልቡንና ቆሽቱን ይጎዳል። በሁመራ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት ኤች አይ ቪ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ በአፍ የሚዋጠው ሚልቴፎሲን ከአንቲሞኒ ይልቅ ለሕይወት የማያሰጋ፣ ተሕዋሱን በማጥፋት ግን ደካማ ሆኖ አግኝቶታል። አንዱ ይገድላል፣ ሌላው አያድንም። በዚያ ዘመን በሁመራ ከካላዛር ታማሚዎች ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ኤች አይ ቪ እንደነበረበት ስናስታውስ ይህ የጥቂቶች ችግር እንዳልነበር ይገባናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ የኢትዮጵያ ነው፤ በእኔ እምነት ክርክሩን የሚዘጋውም እሱ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌይሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከልና በአብደራፊ የተካሄደውና በ2019 የታተመው ሙከራ ኤች አይ ቪና ካላዛር ያለባቸውን ሰዎች ከሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በአምቢሶም (በስብ ጠብታ የተያዘ አምፎቴሪሲን) ብቻ፣ ሌላውን በአምቢሶምና በሚልቴፎሲን ጥምር አከመ። በ29ኛው ቀን ተሕዋሱ የጠፋላቸው በአምቢሶም ብቻ ከታከሙት 50 በመቶ፣ በጥምሩ ከታከሙት 67 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ያልጠራላቸው ሰዎች ያንኑ ሕክምና አንድ ጊዜ ሲደግሙት ቁጥሩ በጥምሩ ወገን ወደ 88 በመቶ ወጣ፤ በአምቢሶም ብቻ ግን 55 በመቶ ላይ ቀረ። እነዚህን ቁጥሮች ረጋ ብለን እንያቸው። «ኤች አይ ቪ ያለበት ታማሚ የሚያገረሽበት መድኃኒቱን ስለሚያቋርጥ፣ ስለሚጠጣ፣ ራሱን ስለማይጠብቅ ነው» የሚለው ወቀሳ በሐኪም ቤት ኮሪደር ሁሉ ይሰማል። እዚህ ግን መድኃኒቱ በባለሙያ ዓይን ሥር የተሰጣቸው፣ ከሁሉ የተሻለውን ጥምር ያገኙ ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ በ29ኛው ቀን ተሕዋሱን ይዞ ነበር። ማንን እንውቀስ? የቀን መቁጠሪያውን እንውቀስ። 28 ቀን በሌላ ሰው አካል ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። ያው ሙከራ መፍትሔውንም አሳይቷል፦ ሕክምናው የሚያበቃው ቀኑ ሲሞላ ሳይሆን ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተወሰደው ናሙና ሲጠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ባወጣው መመሪያ ጥምሩን የእነዚህ ታካሚዎች ሕክምና አድርጎ መከረ፤ አምቢሶም በኪሎ 5 ሚሊግራም በስድስት መርፌ፣ ሚልቴፎሲን በየቀኑ ለ28 ቀን።

ናሙናው ከጠራም በኋላ ግን ገና ነው። በኢትዮጵያ ከካላዛር የተፈወሱ 74 ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች በወር አንድ ጊዜ የፔንታሚዲን መርፌ እየወሰዱ ለአንድ ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በስድስተኛው ወር ሳያገረሽባቸው በሕይወት የቆዩት 79 በመቶ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር 71 በመቶ ሆኑ። ብሩህ ቁጥር አይደለም፤ ያለ መከላከያ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሊያገረሽበት ይችላል። በጎንደርና በለንደን ተመራማሪዎች ትብብር በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚህ ሰዎች በፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ እያሉ እንኳ ሲዲ ፎራቸው እንደማያገግም፣ ሴሎቻቸውም ደክመው እንደሚቀሩ፣ ማን እንደሚያገረሽበት የሚጠቁመውም ይኸው መሆኑን አሳየ። «ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እስከጀመረ ድረስ ይበቃዋል» የሚለው ተስፋም በዚህ ይፈርሳል፤ መድኃኒቱ የግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ይህ አዲስ ሐሳብ መስሎ ሊታይ አይገባም። ቶክሶፕላዝማ በአንጎል ውስጥ አድፍጦ እንደሚኖር ስለምናውቅ ሲዲ ፎሩ ለወረደ ሰው በየቀኑ ኮትሪሞክሳዞል እንሰጣለን፤ የተኛው የሳንባ ነቀርሳ እንዳይነሣ አይሶኒያዚድ እንሰጣለን፤ ማንም «ይህን ሁሉ ለምን?» አይልም። በካላዛር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ያው ሐኪም ተሕዋሱ በመርፌ ተነቅሎ እንደጠፋ አድርጎ የሚያስበው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «በሱዳን ኤች አይ ቪ ከሕዝቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ለጥቂቶች ተብሎ አሠራር አይለወጥም» የሚለው ነው። የበሽታው ስርጭት ዝቅተኛ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን በእርሻ ካምፕ የሚያድሩ፣ ከቤታቸው የራቁ ወጣት ወንዶች አገሪቱን አይወክሉም፤ የሁመራ ቁጥርም የኢትዮጵያን አጠቃላይ ቁጥር አይመስልም ነበር። ሌላው ነገር፦ ያልተፈለገ አይገኝም። በምሥራቅ አፍሪካ በስፋት የምንጠቀምበት አርኬ 39 የተባለው ፈጣን የካላዛር ምርመራ ከሕንድ ይልቅ እዚህ ደካማ ነው፤ ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ ፀረ እንግዳ አካል መሥራት ያቃተው ሰውነት በምርመራው ላይ ሕመሙን አያሳይም። በዚህ ረገድ የተሻለው «ዳት» የተባለው የመርጋት ምርመራ ነው፤ እሱንም በ1980ዎቹ የፈለሰፈው ሱዳናዊው አብደላ ኤል ሐሪስ ነው፤ ኋላም በኦምዱርማን አሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሠርቶበታል። የራሷ ልጅ የሠራው መሣሪያ ባለባት አገር «ጥቂት ናቸው» ብሎ መከራከር ያስተዛዝባል። ደግሞስ የተዳከመ መከላከያ ኤች አይ ቪ ብቻ ነው? ኩላሊት ተተክቶላቸው የመከላከያ ማፈኛ የሚወስዱ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ፣ በረሃብ የከሱ ሕፃናት፣ ሳንባ ነቀርሳ የተደረበባቸው ሁሉ በዚህ ጥላ ሥር ይገባሉ። ሐሳቡ የሚሠራው ለካላዛር ብቻም አይደለም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ የባቡር መስመር ላይ የሠሩ ምርኮኞች ሆድ ውስጥ ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ ተገኝቷል፤ ይህን ትል ይዞ የሚኖር ሰው ስቴሮይድ ሲታዘዝለት ትሉ በሰውነቱ ሁሉ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። ከአባይ ሸለቆ መጥቶ ዴክሳሜታሶን ለሚታዘዝለት ታካሚ ሰገራውን አስቀድሞ ማየት ወይም አይቨርሜክቲን መስጠት ስንት ያስወጣል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የመድኃኒት መላመድ ነው፦ አንድን መድኃኒት ለወራት መስጠት ተሕዋሱን ያለማምዳል ይላሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልስ የተሰጠበትም ነው። ፔንታሚዲን የተመረጠው ካላዛርን ለማከም በዋናነት ስለማንጠቀምበት ነው፤ ተሕዋሱ እሱን ቢለምድ እንኳ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን አይነኩም። ፔንታሚዲን ኩላሊትንና ቆሽትን ሊነካ፣ የደም ስኳርንም ሊያናጋ ይችላል፤ ሚልቴፎሲን ፅንስ ስለሚያበላሽ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ አይሰጥም። እነዚህ ሁሉ ክትትል የሚያስፈልግበት ምክንያት ናቸው እንጂ ክትትልን የመተው ምክንያት አይደሉም። መድኃኒት የሚለምደውስ መቼ ነው? ግማሽ ሕክምና ተደርጎለት፣ ናሙናው ሳይታይ ተሰናብቶ፣ ሲያገረሽበት ያው መድኃኒት በተደጋገመለት ሰው ውስጥ ነው። አሁን ያለው አሠራር የሚፈለፍለው በትክክል እንዲህ ያለውን ታካሚ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ገንዘብና ጦርነት። አምቢሶም ውድ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥም ይፈልጋል፤ የካርቱምና የገዳሪፍ ሙቀት ደግሞ ከ40 ያልፋል። ከ2011 ጀምሮ አምራቹ ጊሊያድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ሲለግሰው ቆይቷል፤ በልገሳ ላይ የቆመ ሕክምና ግን ሁልጊዜ ሥጋት አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ የተጀመረው ጦርነት አለ። ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ብሔራዊው የሕዝብ ጤና ቤተ ሙከራ በታጣቂዎች እጅ ገባ፤ አብዛኛው የከተማዋ ሐኪም ቤት አገልግሎት አቆመ፤ ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ እስከያዘበት ማርች 2025 ድረስ ሕዝቧ በየአቅጣጫው ተበተነ። ከሸሹት ብዙዎቹ ያረፉት በገዳሪፍ ነው፤ በሽታውን የማያውቅ የከተማ ሰው በሽታው ወዳለበት መሬት ሄደ ማለት ነው። ኢትዮጵያውያኑም በመተማ በኩል ተመለሱ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ዓመት ክትትል ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል።

ቅንጦት የሚሆነው ክትትልን እንደ ሕንጻ ካሰብነው ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ለመውሰድ በየጊዜው ወደ አንድ ቦታ ይመጣል፤ ካርቱም ቢዘጋ ገዳሪፍ፣ ገዳሪፍ ቢዘጋ ድንበሩን ተሻግሮ ገንዳ ውኃ። የፔንታሚዲን መርፌ በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል ሊሰጠው ይችላል። ዛሬ ሁለቱ አገልግሎቶች ተለያይተው ስለሚሠሩ የካላዛር ሐኪሙ ሲዲ ፎሩን አያይም፣ የኤች አይ ቪ ክሊኒኩም ጣፊያውን አይዳስስም። ይህን መጠገን ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ክፍሎች እንዲነጋገሩ ይጠይቃል። ሌላው ወረቀቱ ነው። የታካሚው ታሪክ ስንት ዙር ታከመ፣ በምን መድኃኒት፣ የመጨረሻው ናሙና መቼ ጠራ የሚለውን ይዞ ከታካሚው ጋር ቢሄድ በመዝገብ ቤቱ ቃጠሎ አብሮ አይቃጠልም። ገንዘቡንም ቢሆን በሐቀኝነት እንቁጠረው። ሦስትና አራት ጊዜ ያገረሸበት ሰው በየዙሩ የሚወስደው አምቢሶም፣ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚሰጠው ደም ከአሥራ ሁለት የፔንታሚዲን መርፌ አይረክስም። አሁን ያለው አሠራር ርካሽ የሚመስለው ሁለተኛውን ዙር በሌላ ሰው ስም ስለሚመዘግብ ነው።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ታካሚ ሕይወትም ያልፋል። ባንግላዴሽ በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተመሰከረላት፤ በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው በሽታውን እስከ 2030 ለማስወገድ በወጣ ዕቅድ ላይ ተስማሙ። ዛሬ ከዓለም የካላዛር ሕሙማን ትልቁ ድርሻ የእኛ አካባቢ ነው። ዕቅዱ ደግ ነው፤ ግን በአዲስ ታማሚ ቁጥርና በመውጫ ቀን ፈውስ ብቻ ከተለካ ራሱን ያታልላል። በስፔን የአሸዋ ዝንብ ኤች አይ ቪና ካላዛር ያለባቸውን ሰዎች ደም እንድትመጥ ተደርጎ በተካሄደ ሙከራ ዝንቧ ተሕዋሱን ይዛ ተገኝታለች። በሱዳንና በኢትዮጵያ የእንስሳት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ክርክሩ አልተዘጋም፤ ሰው ግን ድርሻ እንዳለው ማንም አይክድም። በደሙ ተሕዋስ ተሸክሞ፣ «ድኗል» ተብሎ፣ በመኸር ወራት ወደ ሰሊጥ ማሳ የሚመለስ ሰው ለጎረቤቱም ለራሱም የበሽታ ጎተራ ነው። በቁጥር ጥቂት ስለሆነ አይናቅም፤ አዲስ ታማሚ እየቀነሰ በሄደ መጠን የእሱ ድርሻ እየጎላ ይሄዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ የካላዛር ታማሚ በገባበት ቀን የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግለት፤ ኤች አይ ቪ ያለበትና በገዳሪፍ፣ በመተማ ወይም በሁመራ የሠራ ሰው ደግሞ፣ ካርቱም ይኑር አዲስ አበባ፣ ትኩሳት በያዘው ቁጥር ስለ ካላዛር ይጠየቅ። ሁለቱም የተገኙበት ታካሚ ናሙናው ሳይጠራ አይሰናበት፣ ከጠራም በኋላ ወርኃዊው መርፌ ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ቀጠሮ ይሰጠው። ለገንዘብ ሰጪዎችና ለጤና ሚኒስቴሮች በሚላከው ዘገባ ላይም ለእነዚህ ታካሚዎች ፈውስ የሚለው ዓምድ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ይሞላ፤ የአሥራ ሁለተኛው ወር ውጤት ያልታወቀለት ሰው እንደዳነ አይቆጠር።